የጦሩ ፈረስና የአረካ ጋሪ

ኅዳርና ታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ለወላይታ የመከራ ወራት ነበሩ። አጼ ምኒልክ ራሳቸው የመሩት ሠራዊት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ወረደ፤ የጅማው ንጉሥ አባ ጅፋርም ጦራቸውን ይዘው ተቀላቀሉ። ከወዲያ በኩል የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና አገራቸውን ይዘው ጠበቁ። ውጊያው በዚያ ዘመን ከተካሄዱት ዘመቻዎች መካከል ብዙ ደም ከፈሰሰባቸው አንዱ ሆነ። ካዎ ጦና ቆስለው ተማረኩ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። ዘመቻውን የተከተለው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም ያየውን ጽፎ አሳትሟል።

የእነዚያን መሪዎች መጠሪያ ልብ ብለን እንይ። ምኒልክ በፉከራና በሽለላ «አባ ዳኘው» ናቸው። የጅማው ንጉሥ የሚታወቁበት «አባ ጅፋር» ራሱ የፈረስ ስም ነው። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ራስ መኮንን «አባ ቃኘው»፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ»፣ ደጃዝማች ባልቻ «አባ ነፍሶ»፣ በኋላም አጼ ኃይለ ሥላሴ «አባ ጠቅል» ተብለዋል። ከኦሮሞ ፈረሰኞች ባህል ጋር ጥልቅ ዝምድና ያለው ይህ ልማድ የመኳንንቱን ሰፈር ሁሉ ስለወረሰው፣ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ራሱን ችሎ የሚጠና ጉዳይ አድርገው ጽፈውበታል። ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፤ ጀግና ግን በፈረሱ ይጠራ ነበር። ለአንድ እንስሳ ከዚህ የበለጠ ምን ክብር ይሰጠዋል?

የፈረስ ኃይል በወላይታ ምድር ላይም አሻራውን ትቷል። የንጉሥ አማዶ ኬላ የሚባለው ረጅሙ የመከላከያ ካብ ፍራሹ ዛሬም ይታያል። ካብና ቦይ እግረኛን ያዘገዩታል፤ እየጋለበ የሚመጣ ፈረሰኛን ግን ያቆሙታል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያን ያህል ጉልበት ያፈሰሰ ሕዝብ የፈረስ ጦር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ጠንቅቆ የሚያውቅ ሕዝብ ነው።

ዛሬ ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በሆሳዕና መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የቦሎሶ ሶሬዋን ከተማ አረካን ያገኛታል። ፈረሱ እዚያም አለ። ጦር የያዘ ሰው ግን አይቀመጥበትም፤ ጋሪ ይጎትታል። በስሙ የሚጠራ ጀግናም የለውም። የዚህ ጽሑፍ ሙግት አጭር ነው፦ ፈረስ ለእኛ የሚሰጠው ጥቅም አልቀነሰም፤ የቀነሰው እኛ ለእሱ የምንሰጠው ክብር ነው። ይህ ደግሞ ሊታረም ይገባል።

ፈረስ ሲገራ

የጦር ፈረስ በአንድ ቀን አይወጣም። ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ያህል ነው። ውርንጭላው በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ቆሞ እናቱን ይከተላል፤ ሰው ሊጭነው የሚችለው ግን ከዓመታት በኋላ ነው። የፈረስ የወተት ጥርስ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው መውደቅ ይጀምራል፤ አፉ ሙሉ የሚሆነው በ5 ዓመቱ ነው። ገበያ ላይ አዋቂ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን የሚያየው ለዚህ ነው። ከዚያ ኮቴውን ያነሣል፣ በጉልበቱና በቁርጭምጭሚቱ ላይ እጁን ያሳልፋል፣ በመጨረሻም ያስሮጠዋል።

መግራት ትዕግሥት ይጠይቃል። ጥሩ ገሪ በገመድ ከመምራት ይጀምራል፤ ቀጥሎ ድብዳብ፣ ከዚያ ኮርቻ፣ ከዚያ ልጓም፣ በመጨረሻም ሰው። እያንዳንዱን ፈረሱ ሳይደነግጥ ሊቀበለው ይገባል። በዱላ የተገራ ፈረስ ሰውን ይፈራል፤ የሚፈራ ፈረስ ደግሞ በጦር ሜዳ ጌታውን ጥሎ ይሸሻል። የሰለጠነ ፈረስ ዛብ ላላ ሲልና ጠበቅ ሲል ያለውን ልዩነት ያውቃል፤ ጋላቢው ክብደቱን ወደ አንድ ወገን ሲያደርግ ወዴት መዞር እንዳለበት ይረዳል። ሶምሶማውን፣ ስግሪያውንና ሽምጥ ግልቢያውን እየለየ ይማራል። የአገራችን ፈረሰኛ በባዶ እግሩ የሚጋልብ ስለነበረ እርካቡ ጠባብ ነበር፤ አውራ ጣቱን ብቻ አስገብቶ በሁለት እጁ ጦርና ጋሻ ይዞ ይዋጋ ነበር።

የዚህ ሁሉ ትምህርት መታያው ጉግስ ነው። በሁለት ወገን የተሰለፉ ፈረሰኞች ዘንግ እየወረወሩና በጋሻ እየመከቱ የሚያሳድዱበት የሚሸሹበት ይህ ጨዋታ ለጦርነት መለማመጃ ነበር፤ በጃን ሜዳም የበዓል ድምቀት ሆኖ ኖሯል። ለበዓል የወጣ ፈረስ ግላሱ በቀለም ያጌጠ፣ ልጓሙ በብር የተለበጠ፣ ጋማው የተበጠረ ነበር። ትልቅ ሰው ሲሞትም ፈረሱ ኮርቻው ተጭኖበት፣ የጌታው ልብስና ጋሻ ተደርጎበት በለቅሶው መካከል ይመራ ነበር። ቤተ መንግሥቱም ለፈረሶቹ ኃላፊ «ባልደራስ» የሚል ማዕረግ ሰጥቶ ነበር፤ ስሙ በአዲስ አበባ የሰፈር ስም ሆኖ ዛሬም ይነገራል።

ጠመንጃው ሲበዛ

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚለው ብሂል የቆየ ነው፤ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን ፈረስን ከማድረስም አሰናበተው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ፈረሰኛው ገና ታላቅ ኃይል ነበር። ከ40 ዓመት በኋላ በ1928 ዓ.ም. በማይጨው ከሰማይ ቦምብና መርዝ ሲዘንብ ግን ፈረስም ፈረሰኛም መከላከያ አልነበራቸውም። መኪና መንገዱን፣ አውሮፕላን ሰማዩን ያዙ። ለፈረስ የቀረው በዓልና ጭነት ነው። በዓሉ በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ጭነቱ ግን የየቀን ነው።

ይህ ዕጣ የእኛ ፈረሶች ብቻ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በመካከለኛው ምሥራቅ የዘመቱ የእንግሊዝ ጦር ፈረሶች ጦርነቱ ሲያበቃ በግብፅ ተሸጡ። ዶሮቲ ብሩክ የተባለች እንግሊዛዊት እ.ኤ.አ. በ1930 ካይሮ ስትደርስ፣ ትናንት ሠራዊት የተሸከሙት ፈረሶች አርጅተውና ቆስለው በከተማዋ ጎዳናዎች ጋሪ ሲጎትቱ አየች። ለአገሯ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈች፤ ሕዝቡም ገንዘብ ላከ። በሦስት ዓመት ውስጥ 5,000 ፈረሶች ገዛች። አብዛኞቹ ከመድከማቸው የተነሣ ያለ ሥቃይ እንዲሞቱ ከማድረግ በቀር ሊደረግላቸው የሚችል ነገር አልነበረም። እሷ ግን በዚያ አላቆመችም፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ካይሮ ውስጥ ለሥራ እንስሳት ነጻ ሆስፒታል ከፈተች። ከዚያ የተነሣው ድርጅት ቆይቶ ወደ ኢትዮጵያም መጥቶ ሠርቷል።

ዶሮቲ ብሩክ መጀመሪያ ያዘነችው ለአገሯ የጦር ፈረሶች ነበር። ሆስፒታሉ ሲከፈት ግን በሩ ዘምተው ለማያውቁት ለካይሮ ድሆች ፈረሶችና አህዮችም ክፍት ሆነ። ወደ አረካ የሚያደርሰን ሐሳብም ይኸው ነው፦ የፈረስ ክብር ከጌታው ማዕረግ የሚቀዳ ሳይሆን ከራሱ ድካም የሚመነጭ መሆን አለበት።

በአረካ ገበያ

ቦሎሶ ለም አገር ነው። እንሰት፣ በቆሎ፣ ጎደሬ፣ ስኳር ድንች፣ ቡናና ዝንጅብል ይበቅልበታል። ይህ ሁሉ ከማሳ ወጥቶ ገበያ መድረስ አለበት። አስፋልት የዋናውን መንገድ ያገለግላል፤ በየቀበሌው ያለውን ቀይ አፈር፣ በክረምት የሚያንሸራትተውን ጠባብ መንገድ ግን መኪና ሁልጊዜ አይደፍረውም። ያን ክፍተት የሚሞሉት አህያ፣ ፈረስና የሰው ትከሻ ናቸው። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ሰው የማጓጓዙ ሥራ ከጋሪ እየወጣ ነው፤ ኩንታሉ፣ ማገዶው፣ ቆርቆሮውና የውኃ ጀሪካኑ ግን አሁንም ለጋሪ የተተወ ነው።

ባለጋሪው በአብዛኛው ወጣት ነው። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ጠጋግቶ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ስለሆነ ብዙ ወጣት ከአባቱ የሚወርሰው መሬት የለውም፤ ጋሪው ማሳው ነው። የመሬቱ ጥበት ፈረሱንም ይነካዋል። ፈረስ ሆዱ ትንሽ ነው፤ ተፈጥሮው እየተንቀሳቀሰ ጥቂት ጥቂት እየነጨ በቀን እስከ 16 ሰዓት እንዲግጥ ነው። ሜዳው ሲታረስና ሲታጠር ግጦሹ ያልቃል፤ ፈረሱ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆዱን ሠርቶ ማታ የበቆሎ አገዳና የስኳር ድንች ሐረግ ይሰጠዋል። ከረኃብ በኋላ በአንድ ጊዜ የበዛ መኖ ደግሞ የሆድ ቁርጠት ያመጣበታል፤ ፈረስ ማስታወክ ስለማይችል ይህ ሕመም ሊገድለው ይችላል።

ሁለተኛው መከራ ጋሪው ራሱ ነው። በሁለት ጎማ የቆመ ጋሪ ሚዛን ይፈልጋል። ጭነቱ ወደ ፊት ከበዛ ክብደቱ በፈረሱ ጀርባ ላይ ይወድቃል፤ ወደ ኋላ ከበዛ ሆዱን ወደ ላይ እየሳበ ትንፋሹን ያሳጥረዋል። በጎማው ልክ መካከል የተጫነ ጋሪ ግን ፈረሱን እንዲጎትት ብቻ ያደርገዋል። ከማዳበሪያ ጆንያና ከናይለን ገመድ የተሠራ ማሰሪያ ላብና አቧራ ሲቀላቀልበት ቆዳ ይልጣል። የደረቱ ቀበቶ ሰፊና ለስላሳ ቢሆን፣ ከጀርባው ወፈር ያለ ድብዳብ ቢነጠፍ ይህ ቁስል አብዛኛው ባልተከሰተ ነበር።

ቁስሉ ደግሞ በቁስልነቱ አይቀርም። ኤፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባለው የፈንገስ በሽታ የሚገባው በተላጠ ቆዳ ነው። በእግርና በአንገት ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደሩ እብጠቶች ያወጣል፤ እብጠቶቹ ይፈነዳሉ፣ መግል ይወርዳቸዋል፣ ዝንብ ወደ ሌላው ፈረስ ያሻግረዋል። በኢትዮጵያ የጋሪ ፈረሶችን አጥብቆ የሚጎዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ባሉ ወይና ደጋ ከተሞች ነው፤ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው አረካ በዚሁ ክልል መካከል ትገኛለች። በጊዜ ከተደረሰበት ሊታከም ይችላል። ከቆየ ግን ፈረሱ ይደክማል፣ ባለቤቱም ሊቀልበው ስለማይችል ይለቀዋል። በአገራችን ከተሞች ዳር ተጥለው፣ በቁስላቸው ላይ ዝንብ እያረፈ የሚንገዋለሉ ፈረሶች ታሪክ በአብዛኛው ይኸው ነው። አባቶቻችን የጌታውን ልብስ አልብሰው ያስለቅሱበት የነበረ እንስሳ እንዲህ መጣሉ ሊያሳፍረን ይገባል።

የአዊ ትምህርት

ሥራና ክብር በአንድ ፈረስ ላይ ሊገናኙ እንደሚችሉ የሚያሳይ አገር አለ። በአማራ ክልል በአዊ ዞን ገበሬው በፈረስ ያርሳል፣ በፈረስ ይጭናል፣ በፈረስ ገበያ ይሄዳል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በእንጅባራና በአካባቢው ታላቅ የፈረስ ትርኢት ያካሂዳል። በዓሉ በዓድዋ የተሳተፉትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። የማኅበሩ አባላት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ በሰርግና በለቅሶ በፈረስ ይደርሳሉ፣ የተጣላም ያስታርቃሉ። በትርኢቱ ቀን ግልቢያ፣ ስግሪያና ጉግስ ይታያል።

ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ ያ ያጌጠ ፈረስ ትናንት እርሻ ላይ የነበረ፣ ነገም የሚመለስ ነው። ባለቤቱ ጥር 23 ቀን በሺህ ሰው ፊት ሊያወጣው ስለሚያስብ ዓመቱን ሙሉ ጀርባው እንዳይላጥ ይጠነቀቃል። የገጠጠ፣ የቆሰለ ፈረስ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። በዓሉ ለፈረሱ የሚሰጠው ትልቁ ስጦታ ይህ ነውር ነው፤ አዋጅና ቅጣት ሊያመጡት የማይችሉትን ጥንቃቄ ያመጣል።

ወላይታም ለዚህ የሚበቃ መሠረት አላት። በመስከረም ወር የሚከበረው ጊፋታ ሕዝቡን ሁሉ የሚሰበስብ የዘመን መለወጫ ነው። በዚያ ሰሞን አረካ ውስጥ ለጋሪ ፈረሶች አንድ ቀን ቢሰጥ ምን ይጎድላል? ሽልማቱም ለፈጣኑ ብቻ ሳይሆን ጀርባው ላልቆሰለ፣ ኮቴው ለተስተካከለ፣ በዝግታ ጥሪ ለሚታዘዝ ፈረስና ለባለጋሪው ይሁን። የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምረው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ ተማሪዎቹ በዚያ ቀን ቢመረምሩ፣ ቁስል ቢያጥቡ፣ ስለ በሽታው ቢያስረዱ እነሱም ይማራሉ፣ ፈረሱም ይድናል። ከተማዋ ደግሞ በጋሪ መቆሚያው ጥላና የውኃ ገንዳ ብታዘጋጅ ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚሠራ ፈረስ በቀን 40 ሊትር ያህል ውኃ ሊፈልግ ይችላል። ከቆዳና ከሸራ የደረት ቀበቶ የሚሰፋ ወጣት ቢደራጅ ለራሱም እንጀራ ይሆነዋል።

በአገራችን 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረሶች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ የጉግስ ሜዳ የሚያዩት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚያዩት ጭነትና መንገድ ነው። የአባ ዳኘውን ፈረስ ያከበርነው ንጉሥ ስለተሸከመ ነው። የአረካው ፈረስ የሚሸከመው የእናቶችን እህልና የወጣቶችን እንጀራ ነው፤ ይህም ከንጉሥ የሚያንስ ሸክም አይደለም። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ የቀረው ባለጋሪው፣ ሐኪሙና ከተማው ተነጋግረው ለመጪው ጊፋታ ቀኑን መቁረጥ ነው።