የሕንፃ ነዳፊና ዘመኑ፤ ከአፍሪካ አዳራሽ እስከ ኮዬ ፈጬ

የከተማ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው የታላላቅ ሕንፃዎችና የነዳፊዎቻቸው ስም ነው። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ልናስረዳ የምንሞክረው አርክቴክት ዘመኑ ላቀረበለት ጥያቄ መልስ የሚሰጥ ሰው መሆኑን፣ መልሱም ጥያቄው ከተረሳ በኋላ እንኳ በሰው ኑሮ ላይ ሲሠራ የሚቆይ መሆኑን ነው። ለዚህም ዋና ምስክር አድርገን የመረጥነው በአዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፣ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል የሚገኘውን የኮዬ ፈጬን የጋራ መኖሪያ መንደር ነው። ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ከተማዋ ያለፈችባቸውን ዘመናት በአጭሩ መመልከት ያስፈልጋል።

የፋሺስት ጦር በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፣ በዓለም ስሙ የገነነው ለ ኮርቡዚዬ ለከተማዋ የሚሆን አዲስ ንድፍ አዘጋጅቶ ለጣሊያን መንግሥት አቅርቦ ነበር። በዚህ ንድፍ ነባሩ ከተማ እንደሌለ ተቆጥሯል። አሳቡ ተቀባይነት አላገኘም፤ ሥራው ለጣሊያኖቹ ለጉዊዲና ለቫሌ ተሰጠ። የእነርሱም ፕላን አውሮፓዊውን ከአገሬው ሰው የሚለይ ነበር፤ የአገሬው ሕዝብ ሰፈርና ገበያ ወደ ምዕራብ ተወስዶ አዲስ ከተማና መርካቶ ተቈረቈሩ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባረረ፤ በማስመሪያ የተሠመሩት የአዲስ ከተማ መንገዶችና ገበያው ግን ዛሬም አሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን ያቀረበው ጥያቄ ሌላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ሲቋቋም መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ፤ ነጻ በመውጣት ላይ ለነበረች አህጉር የሚገባ አዳራሽም አስፈለገ። ሥራውን የተቀበለው በአሥመራ ሙያውን የጀመረው ጣሊያናዊ አርቱሮ ሜዜዲሚ ነበር። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፈወርቅ ተክሌም የመስታወት ሥዕል ከሕንፃው ጋር አንድ አካል ሆነ። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚሁ ስፍራ ነው። ሜዜዲሚ ችሎታው የራሱ ቢሆንም፣ ይህን የመሰለ ሕንፃ እንዲነድፍ ዕድሉን የሰጠው ዘመኑ ነው። ኢትዮጵያዊው ሚካኤል ቴድሮስና እስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ በጋራ የነደፉት የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሕንፃም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው።

በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በሙሉ የመንግሥት አደረገ። በዚህም ምክንያት የሚከራይ ቤት በብዛት የሚያሠራ ባለሀብት ጠፋ። የቀበሌ ቤቶች ኪራይ ጥቂት ስለ ነበረ ቤቶቹ ሳይታደሱ አረጁ፤ ሕዝቡ ግን ይበዛ ነበር። እንግዲህ በ1996 እና በ1997 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የጋራ መኖሪያ ቤቶችን መርሐ ግብር ሲጀምር፣ ለነዳፊዎች የቀረበላቸው ጥያቄ «ምን ያህል ያማረ?» የሚል አልነበረም፤ «ምን ያህል ብዙ፣ ምን ያህል ርካሽ?» የሚል ነበር።

መልሱም በኮዬ ፈጬ ይታያል። ግድግዳው በብሎኬት ይሠራል፤ ወለሉ አስቀድሞ ከተዘጋጀ የኮንክሪት አካል ይገጣጠማል፤ አንዱ ንድፍ በብዙ ብሎክ ይደጋገማል። በ20/80 መርሐ ግብር ባለዕጣው ሃያውን በመቶ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ቀሪው የባንክ ብድር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ክንድ ስፋት በብር ተመዝኗል ማለት ነው። የእንጀራ ምጣድ፣ የበርበሬ ማስጫ፣ የበዓል በግ ማረጃ፣ የለቅሶ ድንኳን መትከያ በግቢ ይኖር የነበረ ሕዝብ፣ እነዚህን ሁሉ በደረጃና በበረንዳ መካከል እንደገና ማደላደል ግድ ሆነበት። ነዳፊዎቹ ይህን ሳያስቡት አልቀሩም፤ ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለድግስ የሚሆን የጋራ ቤት በፕላኑ ውስጥ አስገብተዋል። ሕዝቡ «ኮሚናል» የሚለው ይህ ቤት፣ የአገር ልማድ በርካሹ ዋጋ ላይ ያገኘው ትንሽ ድል ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በጥያቄው ውስጥ ያልገባ ሰውም ነበር፤ ይኸውም ገበሬው። መንደሩ ያረፈው ይታረስ በነበረ ጥቁር መሬት ላይ ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ኮዬ ፈጬን ጨምሮ በልዩ ልዩ ስፍራ ለተሠሩ 51,229 ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተመዘገበው ቈጣቢ እልል ሲል፣ በኦሮሚያ ከተሞች ደግሞ የተቃውሞ ሰልፍ ተደረገ። ክርክሩ ስለ ወሰንና ስለ ተፈናቃዩ ገበሬ ነበር። ሁለቱም ወገን ያነሣው ጥያቄ የቤትና የኑሮ ጥያቄ ነውና አንዱን ሰምቶ ሌላውን መተው ፍርድ አይሆንም።

እዚህ ላይ ነዳፊው ምን በደለ የሚል ይኖራል። ወሰን የሚያሠምር፣ ካሣ የሚተምን እርሱ አይደለም፤ ቤት አልባ ለነበረውም ሰው የራሱ በር እንዲኖረው አድርጓል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ጉዊዲና ቫሌም የተጠየቁትን ነው የሠሩት። የተጠየቁትን መሥራት ለነዳፊ በቂ መከላከያ ከሆነ፣ በሜዜዲሚም ሥራ የሚያመሰግነው ምክንያት አይኖርም።

የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ሰው ስሙ ይታወቃል፤ የኮዬ ፈጬን ብሎኮች ግን በአንድ ሰው ስም የሚጠራቸው የለም። ቢሆንም በእነዚህ ብሎኮች ውስጥ የሚያድገው ሕፃን ስለ ቤት፣ ስለ ጎረቤትና ስለ ከተማ የሚኖረውን አሳብ የሚቀርጸው ይኸው ስም ያልተጻፈበት ወረቀት ነው። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ይህን ወረቀት እንደ ታላላቆቹ ሕንፃዎች በጥንቃቄ ሊያነበው ይገባል። የሕንፃ ትምህርት የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም እርሳስ ከማንሣታቸው በፊት «ምን ያህል?» ለሚለው ጥያቄ «በማን መሬት፣ ለማን ኑሮ?» የሚለውን እንዲጨምሩበት አደራ እንላለን።