አሮጌው የሥር አድራሻ

ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 የመረብ ስሞችን ሥርዓት እስኪነድፍ ድረስ፣ የኮምፒዩተሮች ስምና አድራሻ የሚገኘው በካሊፎርኒያ ከሚዘጋጅ ከአንድ መዝገብ ነበር። አዲሱ ሥርዓት ያንን መዝገብ ቢያስቀርም፣ አንድ ትንሽ ዝርዝር ማስቀረት አልተቻለውም፤ ይኸውም እያንዳንዱ ሰርቨር መነሻ ያደርገው ዘንድ የሚይዘው የ13ቱ ሥር ሰርቨሮች ስምና አድራሻ ነው። ሰርቨሩ ሥራ ሲጀምር ከአንዱ ጠይቆ ዝርዝሩን ስለሚያድስ፣ የዝርዝሩ ማርጀት እምብዛም አያሳስብም ነበር።

ይሁን እንጂ የ«ኤል» ሥር ሰርቨር አድራሻ በኖቬምበር 2007 ተለወጠ። አይካን በሜይ 2008 በአሮጌው አድራሻ መልስ መስጠቱን ሲያቆም፣ ሌሎች ሳይፈቀድላቸው በዚያው አድራሻ ሲመልሱ ተገኙ። ዝርዝሩን ያላደሰ የመሥሪያ ቤት ሰርቨር እንግዲህ መንገዱን የሚጠይቀው ከማያውቀው እንግዳ ሊሆን ይችል ነበር። ጥያቄውን ሁሉ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚያስተላልፈውም ቢሆን አደጋውን ለዚያኛው አሳለፈ እንጂ አላመለጠም። የሥሩ መዝገብ በዲጂታል ፊርማ የተጠበቀው በጁላይ 2010 ነው።