የሐኪሙ ልጅና የውሃ ቀለሙ

ውድ የባች ጓደኞቼ፣ ኦስለር፣ ሃልስቴድ፣ ዌልችና ኬሊ ለማናችንም እንግዳ አይደሉም። ኦስለር በራውንድ፣ ዌልች በፓቶሎጂ ክፍል ይነሳል፤ «ኬሊ አቀብዪኝ» ሳይባል የሚያልፍ ኦፕራሲዮንም ያለ አይመስለኝም። አራቱ አብረው የተቀመጡበትና ጆንስ ሆፕኪንስ የሚገኘውን ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል የሠራው ጆን ሲንገር ሳርጀንት ነው፤ ያጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1906። በዓመቱ ግን፣ በ51 ዓመቱ፣ በክፍያ የሰው መልክ መሣል በቃኝ አለ።

ቀላል ውሳኔ አልነበረም። በእንግሊዝና በአሜሪካ መኳንንቱም ባለሀብቱም መልካቸውን እንዲሥልላቸው የሚጠብቁት ሰው ነበር። ታዲያ ሥራው ምን ነበር ብትሉ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀማጩን እያጫወቱ ፊቱን ማጥናት፣ ከዚያም ቤተሰቡን ማስደሰት። ተረኛ በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀን እኛ ይህን ድካም ለመረዳት አይከብደንም። ከ1907 በኋላ ፈጽሞ እምቢ አላለም፤ ለሚለምኑት በከሰል ቶሎ ይሥልላቸው ነበር፣ የፕሬዚዳንት ዊልሰንንም መልክ በ1917 ለቀይ መስቀል እርዳታ ሣለ። ልቡ ግን የውሃ ቀለም ላይ ነበር።

የውሃ ቀለሙ ከየት መጣ? አባቱ የፊላደልፊያ ቀዶ ሐኪም ነበር፤ በዓይን ሆስፒታል የሠራ፣ ስለ ቁስል አስተሳሰር መጽሐፍ የጻፈ። የመጀመሪያ ልጃቸው ስትሞት ሥራውን ትቶ ሚስቱን ተከትሎ ወደ አውሮፓ ሄደ። ሳርጀንት በ1856 ፍሎረንስ ተወለደ። እናቱ ለራሷ ደስታ በውሃ ቀለም የምትሥል ሴት ነበረች፤ ልጇንም በየሄዱበት አገር ንድፍ እንዲሠራ ታበረታታው ነበር። ስለዚህ በ51 ዓመቱ ሀ ብሎ አልጀመረም። ሥራ በበዛበት ዘመንም ወረቀትና ብሩሹ ከጉዞ ሻንጣው አልጠፉም።

የዘይት ቀለም ይፋቃል፣ ይደገማል። የውሃ ቀለም ግን ቶሎ ይደርቃል፤ ብርሃኑም በአብዛኛው ሳይነካ ከቀረው ነጭ ወረቀት ነው የሚመጣው። የት እጅን መሰብሰብ እንዳለበት ማወቅ ይጠይቃል። ሳርጀንት ቬኒስን ከጀልባ ላይ፣ የአልፕስ ጅረቶችን፣ የካራራን የእብነ በረድ ካባ እንዲህ ሣለ። ሥዕሎቹን አንድ በአንድ መሸጥ አልፈለገም። በ1909 የብሩክሊን ሙዚየም 83ቱን በአንድ ጊዜ ገዛ፤ በ1912 ደግሞ የቦስተን ሙዚየም 45 ወሰደ። ለራሱ የሠራው ነገር ከነሙሉ ክብሩ ሙዚየም ገባ።

በ1918 የእንግሊዝ መንግሥት ጦርነቱን እንዲሥል ወደ ፈረንሳይ ላከው። እዚያ ኢንፍሉዌንዛ ያዘውና የጦር ሜዳ ሆስፒታል ድንኳን ውስጥ ተኛ። ከዚያ ቆይታው በውሃ ቀለም የሣለው የድንኳኑ ውስጥ ዛሬም አለ፤ አልጋዎች፣ ብርድ ልብሶች፣ ከሸራው አልፎ የሚገባ ብርሃን። ዋርድን ከበሽተኛ አልጋ ሆኖ ያየ ሰው ሥራ ነው። እኔ በየጊዜው የምመለስበት ሥዕሉም ይኸው ነው።

እኛ የአርባዎቹ ሰዎች ስንገናኝ የማይቀር ወሬ አለ፦ «ጡረታ ስወጣ ክራር እማራለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እሥላለሁ።» እውነት ነው፣ ሳርጀንት ሚስትና ልጅ አልነበረውም፣ ገንዘብም አላነሰውም። እኛ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የወር ደመወዝ ያሰሩን ሰዎች ነን፤ በ51 ዓመት በር መዝጋት ለብዙዎቻችን የሚታሰብ አይደለም። ግን ከእሱ የምንወስደው በር መዝጋቱን አይመስለኝም። ሥራውን ሲያቆም የሚሄድበት ነገር አስቀድሞ በእጁ ነበረው። ለ30 ዓመት ያልተነካ ፍላጎት 60 ሲሞላን ብቻውን ተነስቶ አይጠብቀንም። ከተረኛ በኋላ ባለችው ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ይጀመር። ለስብሰባችን ቀንም ከፎቶዎቻችሁ ጋር የጀመራችሁትን ይዛችሁ ኑ፤ ያላለቀም ቢሆን እናያለን።