ነርቭን የሚጎዳው ማነው?

የዛሬው ንባባችን ከሻሸመኔ ታሪክ ይነሣል።

እ.ኤ.አ. በ1951 ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለው የሚሲዮን ድርጅት በሻሸመኔ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ከፈተ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው በሽታውን እርግማን ነው፣ በዘር የሚወረድ ነው ይል ነበር። ነገር ግን ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ጀርም በአጉሊ መነጽር አይቶት ነበር።

ጀርሙ የሚኖረው በቆዳና በነርቭ ውስጥ ነው። ነርቭ እንደ ስልክ ሽቦ ነው። ስሜትን ወደ አንጎል ያደርሳል፤ ትእዛዝን ወደ ጡንቻ ያመጣል። እስቲ ክርናችሁን ከውስጥ በኩል ዳስሱት። ሲነካ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝረው አንዱ ነርቭ ነው። ጀርሙ እዚያ ገብቶ ለዓመታት ቀስ እያለ ይራባል። እኔ ራሴ መምህር እስክሆን ድረስ ጣትን ጀርሙ የሚበላው ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ነርቩ ሲደነዝዝ እሳቱም እሾሁም አይሰማም፤ ጣት የሚያልቀው በቁስል ነው።

ታዲያ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። መድኃኒቱን በደንብ የሚውጥ ሰው፣ ጀርሙ እየሞተለት ሳለ፣ በድንገት እጁ ይዝላል፤ እግሩ ይጎተታል። «የጎዳኝ መድኃኒቱ ነው» ቢል አይፈረድበትም።

እ.ኤ.አ. በ1970 በአዲስ አበባ፣ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ፣ በሐንሰን ስም የተጠራ የምርምር ተቋም ተመሠረተ። የሰውነት መከላከያ ኃይል በሥጋ ደዌ ጊዜ የሚሠራውን መረመረ። እዚያም በሌላ አገርም የታወቀው ይህ ነው፦ የመከላከያ ሴሎች ተደብቆ የኖረውን ጀርም ዘግይተው ያውቁታል። ሊያጠፉት ነርቩ ውስጥ ይገባሉ። ነርቩ ያብጣል፤ ሽፋኑ ጠንካራ ስለሆነም እብጠቱ መውጫ ያጣል፤ ነርቩ ይጨፈለቃል። ሌባ ሊይዙ የገቡ ዘበኞች ቤቱን አፈረሱት እንደማለት ነው።

ስለዚህ ጀርሙን የሚገድለው መድኃኒት አይቋረጥም። በላዩ ላይ ፕሬድኒሶሎን ይጨመራል። እሱ የዘበኞቹን ቁጣ ያበርዳል። ለወራት ይወሰዳል፤ መጠኑም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። እጁ ከዛለ ስድስት ወር ሳይሞላው የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ኃይሉ ይመለስለታል። ከቆየ ግን ያስቸግራል።

ይህ እብጠት መድኃኒቱ ካለቀ በኋላም ሊመጣ ይችላል። የሞቱት ጀርሞች ቅሪት ገና ነርቩ ውስጥ አለና። በሽታው አገረሸ ማለት አይደለም፤ ሰውየውም ለቤተሰቡ አያስተላልፍም።