ዘውዱን ያወለቀው ንጉሥ

ሥልጣን ያለው ሰው በትዕቢት ሲወድቅ የሚገሥጸው አያገኝም፤ ቢያገኝም አይሰማም። ከቤተ ክርስቲያን ታሪክ ግን የሰማ ንጉሥ እናገኛለን።

እ.ኤ.አ. በ390 የተሰሎንቄ ሕዝብ ዐምፆ የጦር አዛዡን ቡተሪክን ገደለ። የሮም ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ በቁጣ የበቀል ትእዛዝ ሰጠ፤ ጥፋተኛና ንጹሕ ሳይለይ ብዙ ሕዝብ አለቀ።

የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስ በአደባባይ ከመዝለፍ ይልቅ በገዛ እጁ ደብዳቤ ጻፈለት። ዳዊት በነቢዩ ናታን ፊት ኀጢአቱን ማመኑን አስታወሰው (2ሳሙ. 12)፤ ንስሓ ካልገባም እርሱ ባለበት ቅዱስ ቁርባንን ለማቅረብ እንደማይደፍር ነገረው።

ንጉሡ ጳጳሱን ማሳሰር ይችል ነበር። እርሱ ግን የንግሥና ልብሱን አውልቆ በቤተ ክርስቲያን፣ በሕዝብ ፊት ስለ ኀጢአቱ አለቀሰ።

ወገኖች ሆይ፣ ቴዎዶስዮስ ራሱን ዝቅ ያደረገው ለአንድ ጳጳስ ሳይሆን ለእግዚአብሔር ነው። እንባው የተሰሎንቄን ሙታን አላስነሣም፤ ትሕትና ያጠፋነውን ሁሉ አይመልስልንም። ነገር ግን ማመካኛችንን ያስጥለንና ለጸጋ በር ይከፍታል (1ጴጥ. 5፥5-6)። እኛ ዘውድ ባይኖረንም በቤታችንና በአገልግሎታችን “ማን ይናገረኛል?” ስንል እንገኛለን። ዛሬ በእውነት የሚገሥጸን ወንድም አለን? ሲመጣስ እንሰማዋለን?

ጌታ ሆይ፣ ለቃልህ የሚንበረከክ ልብ ስጠን። አሜን።