ሳይተያዩ መገበያየት፤ የጨረታ ገበያ ከጥንት እስከ ኢንተርኔት ዘመን

ሰው ከሰው ጋር መገበያየት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ በገዢና በሻጭ መካከል ሦስት ጥያቄዎች ሳይለዩ ኖረዋል። አንደኛ፣ ዕቃው በእርግጥ የሻጩ ነውን? ሁለተኛ፣ ዕቃው እንደተባለው ሆኖ ይገኛልን? ሦስተኛ፣ ገንዘቡና ዕቃው ያለ ማጭበርበር ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉን? በአገራችን ገበያ የከብት ገዢ ከሻጩ ዋስ መጠየቁ፣ የበሬውን ጥርስ ገልጦ ማየቱ፣ ገንዘቡንም በሰው ፊት ቆጥሮ መስጠቱ ለእነዚህ ለሦስቱ ጥያቄዎች የተሰጡ የቆዩ መልሶች ናቸው።

በኢንተርኔት አማካይነት በሚካሄድ ጨረታ ላይ ግን ጥርሱ የሚታይ በሬ፣ ፊቱ የሚታወቅ ዋስ፣ ከአጠገብ የሚቆም ምስክር የለም። ገዢው የሚያገኘው ፎቶግራፍና ጥቂት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። ሆኖም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በዚህ መንገድ ይገዛሉ፤ ይሸጣሉም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የፈረሱት ጠባቂዎችስ በምን ተተኩ? ለዚህ መልስ ለማግኘት የጨረታን ታሪክ ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብለው ካልተጠቀሱት በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

የጨረታ ጥንታዊ አመጣጥ

ስለ ጨረታ ከሚናገሩት ጥንታውያን ጽሑፎች አንዱ የግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ የሄሮዶቶስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የኖረው ይህ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ በባቢሎን ለጋብቻ የደረሱ ልጃገረዶች በዓመት አንድ ጊዜ በአደባባይ ለጨረታ ይቀርቡ ነበር። ከፍተኛ ዋጋ የሰጠው ሰው ልጅቱን በእርግጥ እንደሚያገባት ዋስ ሳይጠራ ይዟት መሄድ አይፈቀድለትም ነበር ይላል። ታሪኩ በተግባር የተፈጸመ ስለ መሆኑ የዘመናችን ሊቃውንት ይጠራጠራሉ። ቢሆንም በዚያ በሩቅ ዘመን እንኳ ጨረታና ዋስ ተያይዘው መታሰባቸውን ከዚህ መረዳት አያዳግትም።

በሮማውያን ዘንድ ጨረታ የዘወትር የንግድ ዘዴ ነበር፤ በላቲን ቋንቋ ስሙ የወጣው «መጨመር» ከሚለው ቃል ነው። በታሪክ ከተመዘገቡት ጨረታዎች ሁሉ እጅግ አስደናቂው የተካሄደው በሮም ከተማ በ193 ነው። የንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኞች ንጉሡን ፐርቲናክስን ከገደሉ በኋላ ዙፋኑን ለጨረታ አቀረቡ። ዲድዮስ ዩልያኖስ የተባለ ባለጸጋ ለእያንዳንዱ ወታደር 25,000 ሴስተርስ ለመክፈል ቃል ገብቶ አሸነፈ። ነገር ግን በዙፋኑ ላይ የቆየው 66 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሴፕቲምዮስ ሴቬሮስ ወደ ሮም ሲገሰግስ ተገደለ። ወታደሮቹ የሸጡት የራሳቸው ያልሆነውን ነበርና ገዢው ገንዘቡንም ሕይወቱንም አጣ። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ማለትም የባለቤትነት ጥያቄ፣ ሳይመረመር ሲቀር ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሻማው፣ መዶሻውና ፖስታው

በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ጨረታ የሚዘጋው በሻማ ነበር። ቁራጭ ሻማ ይለኮሳል፤ ነበልባሉ ከመጥፋቱ በፊት የመጨረሻውን ዋጋ የጠራ ሰው ዕቃውን ይወስዳል። ሳሙኤል ፔፒስ የተባሉት የባሕር ኃይል ሹም በ1662 በዕለት ማስታወሻቸው እንደ መዘገቡት፣ በአንድ የመርከብ ሽያጭ ላይ አንድ ተጫራች ከሌሎቹ ይልቅ ተሳክቶለት ነበር። ምሥጢሩ ሲጠየቅ፣ ሻማው ሊጠፋ ሲል ጢሱ ወደ ታች እንደሚወርድ አስተውሎ፣ በዚያች ቅጽበት ዋጋውን ይጠራ እንደ ነበር ገለጠ።

ከዚያም የጨረታ ቤቶች ተቋቋሙ። የስቶክሆልም ጨረታ ቤት በ1674፣ በለንደን ሶዘቢስ በ1744፣ ክሪስቲስ በ1766 ሥራ ጀመሩ። የእነዚህ ቤቶች አገልግሎት መዶሻ መምታት ብቻ አልነበረም። ዕቃውን በባለሙያ ማስመርመር፣ ዝርዝሩን በመጽሔት ማሳተም፣ ገንዘቡንም ተቀብሎ ለሻጩ ማስተላለፍ ሥራቸው ነበርና፣ ገዢው የማያውቀውን ሻጭ ሳይሆን የሚያውቀውን ቤት ያምን ጀመር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ የቴምብር ሰብሳቢዎች ዋጋቸውን በደብዳቤ እየላኩ ከሩቅ ይጫረቱ ጀመር። በአንዳንዱ ጨረታ ላይ አሸናፊው የሚከፍለው ራሱ የጻፈውን ከፍተኛ ዋጋ ሳይሆን ሁለተኛ የወጣው ሰው ከሰጠው ዋጋ ጥቂት ከፍ ያለውን ነበር። ፕሮፌሰር ዊልያም ቪክሪ በ1961 ባሳተሙት ጥናት በእንዲህ ያለው ደንብ ለተጫራቹ የሚበጀው ዕቃው ለእርሱ የሚያወጣውን እውነተኛ ዋጋ መጻፍ መሆኑን አስረዱ። በ1996 የኖቤል ሽልማት ሲሰጣቸው፣ ዜናው ከተሰማ ከሦስት ቀን በኋላ ዐረፉ።

መቅደላ፣ 1860 ዓ.ም.

የጨረታ ታሪክ ሲነሣ ለኢትዮጵያውያን የማይዘነጋ አንድ ምዕራፍ አለ። በሚያዝያ ወር 1860 ዓ.ም. መቅደላ ከወደቀና ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የተዘረፉትን የቤተ ክርስቲያንና የቤተ መንግሥት ቅርሶች በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ አወረደ። በዚያም ለሁለት ቀን ጨረታ ተካሄደ። ከጦሩ ጋር የመጡት የብሪታንያ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ ነበሩ። ከሽያጩ የተገኘው ወደ 5,000 ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ።

በደላንታ ጨረታ አጫራች ነበረ፤ ተጫራች ነበረ፤ ዋጋውም በይፋ ተጠርቶ ተከፍሏል። የጎደለው ባለቤቱ ነበር። የሽያጩ ሥርዓት መሟላት የተዘረፈን ዕቃ የሻጩ ንብረት ሊያደርገው እንደማይችል የሚያሳይ ጉዳይ ነው። መዘዙም እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ2021 በእንግሊዝ አገር በዶርሴት አውራጃ ከመቅደላ የተወሰዱ ቅርሶች እንደገና ለጨረታ ቀርበው ነበር። የኢትዮጵያ ኤምባሲ ባቀረበው ጥያቄ ከሽያጭ ወጥተው፣ በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አማካይነት ተገዝተው በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሱ።

የኢንተርኔት ጨረታ መወለድ

ፒየር ኦሚድያር በፓሪስ ከኢራናውያን ወላጆች የተወለዱ የኮምፒዩተር ባለሙያ ናቸው። በ1995 መስከረም ወር በካሊፎርኒያ «ኦክሽን ዌብ» የተባለውን የጨረታ መድረክ ከፈቱ። በመጀመሪያ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተሰበረ የሌዘር ማመልከቻ ሲሆን በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሽጧል። መድረኩ በ1997 ኢቤይ የሚለውን ስም ያዘ። ኢቤይ የተፈጠረው የኦሚድያር እጮኛ የከረሜላ መያዣዎችን እንድትለዋወጥ ነው የሚለው ወሬ ለብዙ ጊዜ ሲነገር ቢቆይም፣ የድርጅቱ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ለጋዜጠኞች የፈጠረው መሆኑ በኋላ ታውቋል።

ገና ከጅምሩ ግን ችግሩ ታየ። ፕሮፌሰር ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ስለ አሮጌ መኪናዎች ገበያ ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ሻጩ የዕቃውን ጉድለት እያወቀ ገዢው ሳያውቅ ከቀረ፣ ገዢው ለሁሉም ዕቃ ዝቅተኛ ዋጋ ይሰጣል። ከዚህም የተነሣ የደህናው ዕቃ ባለቤት ከገበያ ይወጣል፤ በመጨረሻም ገበያው የመጥፎ ዕቃ ብቻ ይሆናል። የኢንተርኔት ጨረታ ለዚህ አደጋ ፍጹም የተጋለጠ ነበር። ኦሚድያር በ1996 የወሰዱት እርምጃ ቀላል ነበር፤ ይኸውም ገዢና ሻጭ ከእያንዳንዱ ግብይት በኋላ አንዱ ስለ ሌላው በግልጽ ምስክርነት እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ለመልካም አንድ ነጥብ ይጨመራል፤ ለመጥፎ አንድ ይቀነሳል።

እንግዲህ ይህ ለሒሳብ ባለሙያ እንግዳ ነገር አይደለም። የሰው ስም በመዝገብ ገቢና ወጪ ሆኖ መያዙ ነው። መዝገቡም ዋጋ ነበረው። በ2006 የታተመ አንድ የሙከራ ጥናት፣ አንድ የታወቀ ሻጭ ተመሳሳይ የሆኑ አሮጌ ፖስት ካርዶችን በራሱ ስምና በአዳዲስ ስሞች ለጨረታ ሲያቀርብ፣ ገዢዎች ለታወቀው ስም በአማካይ 8.1 በመቶ ጨምረው ለመክፈል ፈቃደኛ መሆናቸውን አረጋግጧል።

ሌባውና ጠባቂው

ጠባቂ ባለበት ሁሉ ጠባቂውን የሚያጠና ሌባ አይጠፋም። በ2000 አንድ ሻጭ በ25 ሳንቲም መነሻ ያቀረበው ሥዕል የታዋቂ ሠዓሊ ሥራ መስሎ ዋጋው 135,805 ዶላር ደረሰ። ሲመረመር ግን ሻጩ ራሱ በሌላ ስም በጨረታው ገብቶ እንደ ነበር ታወቀና ሽያጩ ተሰረዘ። ከግብረ አበሮቹ ጋር በልዩ ልዩ ስሞች በብዙ ጨረታዎች ላይ ዋጋ ያስወጡ እንደ ነበርም ተደርሶበት፣ በ2001 ሦስት ሰዎች ተከሰሱ። አጫራችና ሐሰተኛ ተጫራች መመሳጠራቸው በመዶሻው ዘመን የታወቀ ተንኰል ሲሆን፣ አዲሱ መሣሪያ ያመጣው ስምን እንደ ሸሚዝ መለዋወጥን ነው።

የፔፒስ ሻማም ተመልሶ መጣ። በኢቤይ ጨረታ የሚዘጋው በተወሰነ ሰዓት ስለሆነ፣ ብዙዎች እስከ መጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ጠብቀው ዋጋ መስጠት ለመዱ። ከዚህ የሚድነው ከጨረታው በፊት የመጨረሻ ዋጋውን ለራሱ ወስኖ፣ በስሜት ተነሣሥቶ የማያልፈው ሰው ነው። በ1971 ሦስት መሐንዲሶች ስለ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ ይዞታ ጨረታዎች ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ ብዙ ሰው በሚጫረትበት ዕቃ ላይ የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውን ከሁሉ አብልጦ የተሳሳተው ነው።

የምስክርነቱ መዝገብም ራሱ ታመመ። ገዢው መጥፎ ከመሰከረ ሻጩ አጸፋውን ስለሚመልስ፣ ብዙዎች ፈርተው ዝም አሉ ወይም ያለ ሐቅ አመሰገኑ። በዚህ ምክንያት ኢቤይ በ2008 ሻጮች በገዢዎች ላይ መጥፎ ምስክርነት እንዳይሰጡ ከለከለ። ስለሆነም አንድ ጠንቃቃ ገዢ የነጥቡን ብዛት ብቻ አይቶ አይረካም። ነጥቡ በምን ዓይነት ዕቃ እንደተገኘ፣ በርካሽ ዕቃዎች የተሰበሰበ ስም በድንገት ውድ ዕቃ ለመሸጥ ውሎ እንደሆነ ይመረምራል።

ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ያገኘው በአደራ ነው። ኢቤይ ፔይፓል የተባለውን የክፍያ ድርጅት በ2002 በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ እስከ 2015 አብሮት ቆየ። ገዢው ዕቃው ካልደረሰው አቤት የሚልበትን መንገድም በዚሁ አገኘ። በቻይና ታኦባኦ በ2003 ሲቋቋም ገዢና ሻጭ ፈጽሞ አይተማመኑም ነበር። በ2004 የመጣው አሊፔይ ገንዘቡን ከገዢው ተቀብሎ፣ ገዢው «ዕቃው ደርሶኛል» እስኪል ድረስ ይዞ ያቆይ ጀመር። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የተባለው እዚህ ላይ በሥራ ታየ። ዛሬም አጭበርባሪው በመጀመሪያ የሚጥረው ገዢውን ከዚህ አደራ ለማስወጣት ነው። «በመድረኩ በኩል መክፈሉ ይቅርና ገንዘቡን በቀጥታ ላክልኝ፤ ቅናሽ አደርጋለሁ» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

በኢትዮጵያ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሐራጅ ሽያጭ የሚናገሩ ድንጋጌዎች አሉት። በሽያጭ ሕጉም ሻጩ ገዢው ዕቃውን እንዳይነጠቅ፣ ዕቃውም ጉድለት እንዳይኖረበት ኃላፊ ያደርገዋል። እነዚህም ከላይ የተጠቀሱት አንደኛውና ሁለተኛው ጥያቄዎች ናቸው። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ደግሞ ሳይተያዩ መገበያየትን በቡናና በሰሊጥ ላይ አስለመደ። ምርቱ በመጋዘን ይረከባል፤ ደረጃው በባለሙያ ተመርምሮ ይወጣለታል፤ ክፍያውም በገበያው በኩል ይፈጸማል። በመጀመሪያ በአዳራሽ በአፍ በመጥራትና እጅ ለእጅ በመማታት ይካሄድ የነበረው ግብይት ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮምፒዩተር ተዛውሯል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለሚደረግ ውል ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። ይሁን እንጂ በማኅበራዊ መገናኛዎች በኩል ሰው ለሰው በሚደረገው ሽያጭ ዕቃውን የሚመረምር መጋዘን፣ ገንዘቡን የሚይዝ ባለአደራ የሌለበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ገበያ እንደ ጥንቱ ዕቃውን በዓይን ሳያዩ አለመክፈል፣ በሰው ፊት መረካከብ፣ ደረሰኝና መልእክቶችን ጠብቆ ማስቀመጥ አሁንም የሚበልጥ ዘዴ አልተገኘላቸውም።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ በተዘረዘረው ታሪክ ውስጥ የዕቃው ጥራትና የገንዘቡ ደኅንነት ቀስ በቀስ ጠባቂ አግኝተዋል። የምስክርነት መዝገቡ ሻጩን ያስተዋውቃል፤ ባለአደራው ገንዘቡን ይይዛል። የባለቤትነት ጥያቄ ግን በአብዛኛው ለገዢው ሕሊና ተትቷል። የተሰረቀ መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ በኢንተርኔት የገዛ ሰው ነገሩ ቢደረስበት ገንዘቡ ይመለስለት ይሆናል፤ መስቀሉ ግን በዚያ ብቻ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አይመለስም። ስለዚህ በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ የሚኖር የሙያ ባልደረባ እንዲህ ያለ ዕቃ ለጨረታ ቀርቦ ሲያይ፣ ስለ ዋጋው ከመጠየቁ በፊት ከማን እጅ እንደወጣ፣ በምን ሰነድ እንደተላለፈ ሊጠይቅ ይገባዋል። ሰነድ መመርመር የሙያው ተግባር ነውና፣ ይህን ጥያቄ ከእርሱ ይልቅ አጥብቆ ሊጠይቅ የሚችል ብዙ ሰው የለም።