ቤትን ማን ያድሰው?



በወላይታ ገጠር ጎጆ ሲሠራ ጎረቤት በደቦ ወጥቶ ማገሩን ያስራል፤ ሣሩንም ይከድናል። ክዳኑ ሲያረጅ የሚያድሰው ባለቤቱ ነው፤ ቤቱ የራሱ ነውና።

በሶዶም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ግን በኪራይ ቤት የሚያድረው ድኻ ኪራይ ቢጨመርበት ወይም ውጣ ቢባል አቤት የሚልበት ስፍራ እምብዛም አልነበረውም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ፣ ከ500 ካሬ ሜትር በላይም ቦታ ከለከለ። የቤት ኪራይ ተቀነሰ፤ አነስተኛ ኪራይ ያላቸውም ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ።

ይህ ለተከራዩ ታላቅ ዕረፍት ነበር። ነገር ግን ከዚያ ጥቂት ኪራይ ለእድሳት የሚበቃ ገንዘብ አልተረፈም፤ ተከራዩም «የእኔ ባልሆነ ቤት ገንዘቤን ለምን ላፍስስ?» አለ። ስለዚህ የጭቃው ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ቆርቆሮውም ዛገ።

ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ለነዋሪዋ ቤት የሚያስብ ሁሉ ይህን ታሪክ ልብ ይበል፤ ይኸውም ርካሽ ኪራይ ድኻውን ቢያሳርፍም፣ የሚያድሰው ባለቤት ካልታሰበለት ቤቱ ራሱ አይቆምም።